የመቅደላው ግምጃ ቤት፦ ዐፄ ቴዎድሮስ ዳግማዊና የሰበሰቧቸው የጦር መሣሪያዎች

ዐፄ ቴዎድሮስ ዳግማዊ በአብዛኛው የሚታወሱት የዘመነ መሳፍንትን የተከፋፈለ አገዛዝ አፍርሰው ማእከላዊ መንግሥት ለማቋቋም በመታገላቸው፣ በመጨረሻም በመቅደላ አምባ ላይ ለጠላት እጅ ከመስጠት ይልቅ ሞትን በመምረጣቸው ነው። ከዚህ ታሪክ ጋር የማይነጣጠል፣ ነገር ግን ለብቻው ሲነገር እምብዛም የማይሰማ ሌላ የሕይወታቸው ገጽታ አለ። እርሱም ከወጣትነታቸው ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የጦር መሣሪያን ለመሰብሰብ፣ ለመረዳትና በአገር ውስጥ ለማሠራት ያደረጉት ያልተቋረጠ ጥረት ነው። ይህ ጽሑፍ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በዚሁ መንገድ እየተከተለ፣ የመቅደላው ግምጃ ቤት እንዴት እንደ ተከማቸና እንዴት እንደ ተበተነ ለአንባብያን ያቀርባል። የተጠቀሱት ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና አስተዳደግ

በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናትና ልጅ በችግር ላይ ወደቁ። ካሣ በገዳም ገብተው ንባብና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲማሩ ገዳሙ በጦረኞች ተወረረ፤ ከዚያ እልቂት በሕይወት ከተረፉት ልጆች አንዱ ሆኑ። በኋላም በደምብያና በቋራ ገዥ በነበሩት በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት አድገው፣ የፈረስ ግልቢያን፣ የጦር ውርወራንና የጠመንጃ አተኳኮስን ተማሩ።

በዚያን ዘመን ጠመንጃ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። በ16ኛው ምእተ ዓመት በኢማም አሕመድና በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በተደረገው ጦርነት፣ በአንድ ወገን የቱርክ ነፍጠኞች፣ በሌላ ወገን 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞች ተሰልፈው ነበር። ይሁን እንጂ ጠመንጃ ወደ መሀል አገር የሚገባው በአብዛኛው በምጽዋ በኩል ስለ ነበር፣ ለባሕሩ የቀረቡት የሰሜን መሳፍንት ከሌሎቹ ይልቅ መሣሪያ የማግኘት ዕድል ነበራቸው። የትግራይና የስሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ በነፍጠኞቻቸው ብዛት የታወቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። በምዕራብ ጠረፍ ያደገ እንደ ካሣ ያለ ሰው ግን ሠራዊቱን የሚያሰልፈው በአብዛኛው በጦር፣ በጎራዴና በጋሻ ነበር።

የደባርቂ ትምህርት

ካሣ ሸፍተው በቆላው ከቆዩ በኋላ ኃይላቸው እያደገ ሄዶ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን አግብተው፣ የቋራን አገር በግዛት አገኙ። ከዚያም በሱዳን በኩል ድንበር ከያዘው የግብጽ ጦር ጋር ተፋጠጡ። በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ዛሬ በሱዳን ክልል በምትገኘው ደባርቂ በተባለች ስፍራ ጦርነት ገጠሙ። የካሣ ሠራዊት በቁጥርም በጀግንነትም የሚናቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ጠላት በምሽግ ውስጥ ሆኖ በመድፍና በሥርዐት በሚተኩስ እግረኛ ጦር ጠበቀው። ወደ ምሽጉ የሮጠው ሠራዊት ጋሻው ምንም ሳይጠቅመው በእሳት ተቆላ። ካሣ ብዙ ሰው አጥተው ተመለሱ።

ከዚህ ሽንፈት ሁለት ነገር ተማሩ። አንደኛው፣ መድፍ ያለው ጥቂት ጦር መድፍ የሌለውን ብዙ ጦር ሊያሸንፍ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያው ብቻውን በቂ አለመሆኑ፣ በትእዛዝ የሚቆም፣ በትእዛዝ የሚተኩስ ወታደር የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። ካሣ ከደባርቂ መልስ ወታደሮቻቸውን በአዲስ ሥርዐት ለማሠልጠን ጥረት አደረጉ። የኋላ ዘመናቸው ታሪክ ሲመረመር ከእነዚህ ከሁለቱ ትምህርቶች የመጀመሪያው በልባቸው እየበረታ፣ ሁለተኛው ግን በዘመኑ ችግር እየተሸረሸረ እንደ ሄደ ይታያል።

በድል የተሰበሰበ መሣሪያ

ካሣ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ በሰኔ ወር በዚያው ዓመት ራስ ዓሊን በአይሻል፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አደረጉ። ከደረስጌው ድል በኋላም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

እነዚህ ድሎች ከግዛት በተጨማሪ መሣሪያ ያስገኙ ነበር። በዘመኑ ልማድ ድል የሆነ መስፍን ጠመንጃ ለድል አድራጊው ይገባል፤ የማረከው ወታደርም መሣሪያውን ለጌታው ያስረክባል። በተለይ የውቤ ግምጃ ቤት መማረኩ ለዐፄ ቴዎድሮስ በባሕር በር በኩል ለዓመታት የገባውን መሣሪያ በአንድ ጊዜ አስገኘላቸው። በመሆኑም የመቅደላው ክምችት መሠረት የተጣለው በግዥ አልነበረም፤ የበርካታ መሳፍንት ግምጃ ቤት ወደ አንድ እጅ በመሰብሰቡ ነው። በዚህም ምክንያት መሣሪያዎቹ ዓይነታቸው የተለያየ ነበር። በክር እሳት የሚለኮሰው ጥንታዊ ነፍጥ፣ በባልጩት ድንጋይ ብልጭታ የሚተኮሰው ጠመንጃ፣ በመዶሻ ተመትቶ በሚፈነዳ ቆብ የሚሠራው አዲሱ ጠመንጃ፣ ባለ አንድና ባለ ሁለት አፈሙዝ ሁሉ በአንድ ስፍራ ይገኙ ነበር።

የዓይነቱ ብዛት ለሰብሳቢ ሰው ሀብት ነው፤ ለጦር አዛዥ ግን ችግር ነው። የአንዱ ጠመንጃ አረር ለሌላው አይስማማም። አንዱ የተሰበረ እንደ ሆነ የሌላው ዕቃ ሊተካለት አይችልም። ባሩዱም በየስፍራው በእጅ ስለሚዘጋጅ ጥንካሬው አንድ ዓይነት አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ለማሻሻል ሠራዊቱን በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሺ አለቃ ከፋፍለው፣ በየባላገሩ ቤት እየተመራ መዝረፉ ቀርቶ ደመወዝ እንዲቆረጥለት አሰቡ። በሥልጠናውም ዮሐንስ ቤል የተባለው እንግሊዛዊ ባለሟላቸው ረዳቸው። ቤል በ1853 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ሲዋጋ ሞተ፤ ወዳጁ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደንም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በዐመፀኞች እጅ ቆስሎ ሞቶ ነበር።

የጋፋት አውደ ጥበብ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከሌሎች መሣሪያ ሰብሳቢ መሳፍንት የሚለዩት የሌላውን አገር ሥራ ማከማቸት ብቻ በቂ አይደለም ብለው በማመናቸው ነው። መሣሪያ በባሕር የሚመጣ እስከ ሆነ ድረስ ባሕሩን የያዘው ኃይል በሩን በፈለገው ጊዜ ሊዘጋው ይችላል። ምጽዋ ደግሞ በቱርኮች፣ ኋላም በግብጾች እጅ ነበረች። ስለዚህ የሚፈልጉት የሠሪውን ጥበብ ነበር።

ለዚህም በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰበሰቡ። ከእነርሱ አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ፣ ወንጌልን ለማስተማር የተላኩ የእጅ ሙያተኞች ነበሩ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ከእነዚህ መካከል ሲሆኑ፣ ሁለቱም የዮሐንስ ቤልን ሴቶች ልጆች አግብተው በአገሩ ኑሮ ተመሥርተው ነበር። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም በዚያው ይሠሩ ነበር። አገር በቀል ቀጥቃጮችና ሠራተኞችም አብረዋቸው ይሠሩና ጥበቡን ይቀስሙ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በመጀመሪያ መንገድ እንዲሠሩላቸውና የጦር መሣሪያ እንዲጠግኑላቸው አደረጉ፤ ቀጥሎም መድፍና ሞርታር እንዲያፈስሱላቸው ጠየቁ። ሰዎቹ ይህን ሙያ እንደማያውቁ ቢናገሩም ንጉሠ ነገሥቱ አለቀቋቸውም። መድፍ ማፍሰስ እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነው። የማቅለጫው ምድጃ ጡብ ከነሐሱ ቀድሞ ሊቀልጥ ይችላል። ሙቀቱ ያነሰ እንደ ሆነ የቀለጠው ነሐስ ሻጋታውን ሳይሞላ ይረጋል። ሻጋታው ጥቂት እርጥበት ካለው ደግሞ እንፋሎቱ ይፈነዳና የወራት ድካም በአንድ አፍታ ይጠፋል። የጋፋት ሰዎችም የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሸፈባቸው በኋላ ደጋግመው ሞክረው ተሳካላቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ እጅግ ተደስተው ባለ እጆቹን በልብስ፣ በበቅሎና በገንዘብ ሸለሙ።

ይህ ስኬት ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ትንሹ መድፍ ከተሠራ ትልቁ፣ ትልቁ ከተሠራ ደግሞ ከእርሱ የሚበልጠው ተፈለገ። በመጨረሻም ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሆነ ታላቅ ሞርታር ተሠራ፤ በክራይሚያ ጦርነት ዝናዋ በዓለም በተሰማው ከተማ ስምም ሴባስቶፖል ተባለ።

መልስ ያላገኘው ደብዳቤ

ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ በቱርኮች ላይ ወዳጅነትን የሚሹ መሆናቸውንም ገለጡ። በዚያው ሰሞን አዲሱ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥቲቱ የተላከ ጠመንጃና ሁለት ሽጉጥ አበርክቶላቸው ነበር። ስጦታው ለሟቹ ለፕላውደን ስላሳዩት ደግነት የተሰጠ ምስጋና መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በብር ላይ ተቀርጾበት ነበር። ለደብዳቤው ግን መልስ አልመጣም፤ በለንደን መሥሪያ ቤት ውስጥ ተረሳ። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ተናቁ ተሰምቷቸው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ሊያስፈታቸው የመጣው መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምም ኋላ እስረኛ ሆነ።

ከዚህ በኋላም ቢሆን የንጉሠ ነገሥቱ ልብ ከጥበቡ አልራቀም። ከእንግሊዝ መንግሥት የሚሹት ባለ እጆችና የሥራ መሣሪያ መሆኑን ገልጠው ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ ለንደን ላኩት። የተጠየቁት ባለ እጆች እስከ ምጽዋ ድረስ መጥተው፣ እስረኞቹ አስቀድመው ይለቀቁ በሚለው ክርክር ምክንያት ወደ ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ። ከሁለቱም ወገን ማን ቀድሞ እንደሚያምን ሳይወሰን ዘመኑ አለፈ።

በዚህ መካከል የአገሩ ሁኔታ ተበላሸ። በመቅደላ በግዞት ያደጉት የሸዋው ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው በአገራቸው ነገሡ። ዋግሹም ጎበዜ በላስታ፣ ካሣ ምርጫ በትግራይ ተነሡ። ንጉሠ ነገሥቱም በቁጣ ላይ ቁጣ እየጨመሩ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፤ አቃጠሉም። ዐፄ ቴዎድሮስን በአድናቆት የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ይህንም አብሮ ማስታወስ ይገባዋል፤ ለመድፍና ለሠራዊት የሚወጣውን ወጪ የሸከመው፣ እህሉንና ከብቱን ያጣውም ባላገሩ ነበርና።

መድፍ የተሸከመ መንግሥት

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ቤተ ሰባቸውን፣ ሠራዊታቸውን፣ እስረኞቻቸውንና መድፎቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ቀላል ጓዝ ለያዘ መንገደኛ የጥቂት ቀናት ጉዞ የሆነው አገር ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው። ምክንያቱም ሴባስቶፖልና ሌሎቹ ከባድ መድፎች በሠረገላ ላይ ሆነው በሰው ጉልበት የሚሳቡ ስለ ነበሩ፣ ከፊት ለፊት መንገድ እየተቆረጠ፣ ገደል እየተደለደለ፣ ድንጋይ እየተፈለጠ መሄድ ግድ ሆነ። በተለይ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች አቀበትና ቁልቁለት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱና እየያዙ የሚያልፉት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ አፈር እየዛቁ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ እንደ ነበር በስፍራው የነበሩ አውሮፓውያን መስክረዋል።

ይህ መንገድ በዘመኑ ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። ሆኖም ሠራዊቱ በረኀብና በመክዳት እየሳሳ ሄዶ፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ሲደርስ የቀረው ተዋጊ ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር። በዚያው ጊዜ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ያለው የእንግሊዝ ጦር በዙላ ወርዶ፣ ከህንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች መድፉን አስጭኖ፣ በትግራይና በላስታ መሳፍንት ፈቃድ እያለፈ ይቀርብ ነበር።

በመቅደላ የተገኘው ክምችት ሲቆጠር 15 መድፎች፣ 7 ሞርታሮች፣ 11,063 ልዩ ልዩ ጠመንጃዎች፣ 875 ሽጉጦችና 481 ሳንጃዎች ነበሩ። ከመድፍ ጥይት ሌላ 83,563 የጠመንጃ ጥይትም ነበረ። ይህ ቁጥር ከቀረው ተዋጊ ብዛት ጋር ሲነጻጸር የዘመኑን ሁኔታ ያስረዳል፤ በግምጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ጠመንጃ ከሚይዘው ሰው በልጦ ነበር።

አሮጌና መቅደላ

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ ከመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ። በዋዜማው ንጉሠ ነገሥቱ በቁጣ ተነሣሥተው ወደ 200 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው ነበር። በዕለቱ መድፎቹ ከፋላ ኮረብታ ላይ ተተኮሱ፤ ነገር ግን አነጣጣሪው ልምድ ስላልነበረው አረሩ ከጠላት በላይ አለፈ፤ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱም ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። ሴባስቶፖል ለውጊያው አልጠቀመም። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን መርተው ወደ ሜዳው ወረዱ።

በዚህ ሜዳ ላይ ሁለት የጦር መሣሪያ ዘመኖች ተገናኙ። የንጉሠ ነገሥቱ ወታደር ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዝ በኩል በዘንግ እየጠቀጠቀ ሲያጎርስ፣ የእንግሊዝ ወታደር ስናይደር የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ከኋላ እያጎረሰ በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩስ ነበር። በላዩም ሮኬትና ቀላል የተራራ መድፍ ነበረው። የወረደውም ዝናብ ለክፍት ባሩድና ለክር ነፍጥ የማይመች ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ 1,200 ያህል ቆሰሉ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ብቻ ሲሆኑ ከእነርሱ ሁለቱ ሞቱ።

ንጉሠ ነገሥቱ በማግሥቱና በፋሲካ ዕለት አውሮፓውያን እስረኞችን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ወደ አምባው ሊያወጧቸው የደከሙባቸውን መድፎች ከሥር ትተው ከጥቂት ታማኞቻቸው ጋር በሩን ለመከላከል ቆሙ። የእንግሊዝ ወታደሮች በሩን ጥሰው ሲገቡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተሰጣቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። በወዳጅነት ምልክትነት የተሰጠው መሣሪያ የመጨረሻቸው ሆነ።

የግምጃ ቤቱ መበተን

ከዚያ በኋላ የሆነው ለቅርስ ታሪክ እጅግ አሳዛኝ ነው። ወታደሮቹ አምባውን ዘረፉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከልዩ ልዩ ስፍራ የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ዘውዶች፣ ጽዋዎች፣ ታቦታት፣ በብርና በወርቅ የተለበጡ ጋሻዎች፣ ጎራዴዎችና ጠመንጃዎች ተወሰዱ። መድፎቹ ዳግም እንዳያገለግሉ ተሰበሩ፤ ሚያዝያ 10 ቀንም አምባው በእሳት ተቃጠለ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ፤ በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በጨረታ ተሸጠ። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በጨረታው ላይ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ብዙ ዕቃ ገዛ።

መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ በብዛት ወደ ታላላቅ ቤተ መዘክሮች ስለ ገቡ፣ የሚገኙበት ቦታ በአመዛኙ ይታወቃል። የጦር መሣሪያው ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ጋሻና ጎራዴ የየወታደሩ የግል መታሰቢያ ሆኖ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ፤ በየጊዜውም ለጥንታዊ መሣሪያ ሰብሳቢዎች በጨረታ ተሸጠ። ዕቃው ከተገኘበት ስፍራ ስም ጋር ሲለያይ ታሪኩም ከእርሱ ይለያል። የማን ጋሻ እንደ ነበረ፣ በየትኛው ጦርነት እንደ ተያዘ የሚነግረው ወረቀት ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ቆዳና ብር ብቻ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከዕቃዎቹ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተወስደው በኅዳር 1872 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ፤ በዊንድዘርም ተቀበሩ።

የመቅደላ ትምህርት ለተከታዮቹ ነገሥታት አልተረሳም። ካሣ ምርጫ ለእንግሊዝ ጦር ባደረጉት ርዳታ መድፍና ጠመንጃ ተሰጥቷቸው፣ በ1863 ዓ.ም. በቁጥር የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል አደረጉ፤ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በመቅደላ ያደጉት ምኒልክም ዘመናዊ ጠመንጃ ከልዩ ልዩ አገሮች በትዕግሥት እየገዙ አከማችተው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ መሣሪያው፣ ተኳሹና የተባበረ ሕዝብ በአንድነት ሲሰለፉ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አሳዩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደባርቂ ያገኟቸው ሁለቱ ትምህርቶች በአንድነት የተፈጸሙት በዚያ ነው።

የተመለሱ ቅርሶችና የዜጎች ድርሻ

በቅርብ ዓመታት ከመቅደላ ከተወሰዱት ቅርሶች አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። በ2011 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጸጉር ከለንደን ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. ዘውድ፣ ጋሻ፣ ዋንጫዎች፣ መስቀሎችና የጸሎት መጽሐፍ የሚገኙባቸው ዕቃዎች አዲስ አበባ ገቡ። በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በጨረታ ሊሸጥ ቀርቦ የነበረ አንድ የመቅደላ ጋሻ ከሽያጭ እንዲነሣ ተደርጎ፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። ጋሻው ሊመለስ የቻለው ከመቅደላ የመጣ መሆኑ ስለ ታወቀ ነው። ይህም የአንድ ቅርስ የትመጣ ተመዝግቦ መቆየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በተግባር ያሳያል።

ይኸው ትምህርት በአገር ውስጥ ላለው ቅርስም ይሠራል። በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ጦር ወይም አሮጌ ጠመንጃ ይገኛል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ የሚገኝ ማንኛውም ሰው እንዲያስመዘግብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትንም ይከለክላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ያላቸው ዜጎች በየአካባቢያቸው ባለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በኩል እንዲያስመዘግቡ ያስፈልጋል።

ዕቃውን ለማሳመር ሲባል በአሸዋ መፈግፈግ፣ ቀለም መቀባት ወይም የተሰበረውን መበየድ አይገባም፤ በብረቱ ላይ ያለው የሠሪ ማኅተም፣ በሰደፉ ላይ የተቀረጸው ስምና የጥይት ጠባሳው ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነውና። በአፈሙዝ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ለብዙ ዘመን ቢቀመጥም በውስጡ ባሩድና አረር ሊኖርበት ስለሚችል፣ ባለሙያ ሳይመረምረው እንዳይነካካ ማድረግ ይገባል። ከሁሉም በላይ የቤተ ሰቡ ሽማግሌዎች ስለ ዕቃው የሚያውቁትን፣ ማለትም የማን እንደ ነበረ፣ በየትኛው ዘመቻ እንደ ተያዘ፣ እንዴት እንደ ወረደ፣ በሕይወት ሳሉ መጻፍ ያስፈልጋል።

የጋፋት ስፍራ ዛሬም በደብረ ታቦር አጠገብ ይገኛል። ሴባስቶፖል በመቅደላ ከተተወበት ጊዜ ጀምሮ ከዚያው አልራቀም፤ አምሳያው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መቅደላን የሚጎበኝ ሰው ከመድፉ ላይ ፍርፋሪ ለመታሰቢያ መውሰድ፣ ስም መቅረጽ ወይም ማንቀሳቀስ ክልክል መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ሊዘርፍ የመጣው ጦር እንኳ ከክብደቱ የተነሣ ትቶት የሄደውን መድፍ ጠብቆ ለመጪው ትውልድ ማስተላለፍ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።